ራውተሩ ሲቀየር የጠፋው ድምፅህ

ውድ ባለቤቴ፣

ይህን የምጽፍልህ እንደማይደርስህ እያወቅሁ ነው። ግን ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ነገሩ ደግሞ ያንተው ሙያ ነው፤ የራውተር ጣጣ።

ልጃችን ከሞትክ ወዲህ ድምፅህን ሳትሰማ ተኝታ አታውቅም። ለሥራ ርቀህ ስትሄድ እየቀዳህ የተውክላትን ተረቶች፣ አባትህ ቤት ካስቀመጥከው ኮምፒውተር በስልኬ እከፍትላታለሁ። እኔ ግን ዕቃ ላጥብ ብዬ ወጥ ቤት እገባለሁ። ቧንቧውን የምከፍተው ድምፅህ እንዳይሰማኝ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬን ይዛ መጣች። «እማዬ፣ አባዬ እምቢ አለኝ።»

ብሞክረው አይከፍትም። አባትህ ጋ ደወልኩና ልጅህም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈትኩ።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩን አጠፉት እንዴ?»

«ምን በወጣኝ! ልጄ ‹እንዳታጠፋት› ብሎኝ የለ? መብራት ሄድ መጣ ሲል ያ የኢንተርኔቱ ዕቃ ተቃጠለና የቴሌ ሰውዬ መጥቶ አዲስ ገጠመልኝ እንጂ።»

ወዲያው ገባኝ። ራውተር እንደ ዘበኛ ነው ትለኝ ነበር፤ ከውጭ የመጣውን ወደ የትኛው ክፍል እንደሚመራ ካልነገሩት በሩን አይከፍትም። ለአዲሱ ማንም ምንም አልነገረውም። የሚነግረው አንተ ነበርክ።

«ከሥሩ የይለፍ ቃል ተለጥፏል፣ ያንብቡልኝ።»

«ቆይ እስቲ… ይሄ ሰውዬ በመርፌ ነው እንዴ የጻፈው?» ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩት አባትህ ዓይናቸው ደክሟል። እንደ ምንም አነበቡት፤ በስልካቸው የራውተሩን ገጽ ከፈቱ። ኮምፒውተርህ በአዲሱ ራውተር አዲስ የመለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከውጭ የሚመጣው ወደዚያ ቁጥር እንዲመራ አስሞላኋቸው። አልሠራም። ለካ አንድ አሃዝ ዘለዋል፤ አስተካከሉ። አሁንም አልሠራም።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ መሰለኝ የማበላሸው። ልተወው?»

«እርስዎ አይደሉም፣ አባባ። እስቲ ነቅለው ይሰኩት።»

ነቀሉ፣ ሰኩ። መብራቶቹ እስኪበሩ ጠበቅን። ልጅህ ቁልፉን ነካችው።

«እሺ የኔ እመቤት፣ የት ነበር ያቆምነው?» አልክ።

ወጥ ቤት ለመሮጥ ጊዜ አላገኘሁም። ቆሜ ሰማሁህ። ጉሮሮህን ጠረግ የምታደርጋትን እንኳ ረስቻት ነበር።

አባትህ ሰምተውት ኖሯል። «ማነው እሱ?» አሉ።

«እሱ ነው፣ አባባ። ለልጁ የቀዳው ነው፤ እርስዎ ጋ ካለው ኮምፒውተር ነው የምትሰማው።»

«ከዚች? እኔ እኮ የመሥሪያ ቤት ዕቃ መስሎኝ ነው። በየጠዋቱ አቧራዋን ስጠርግ፣ ልጄ እዚህ ውስጥ ነው የከረመው?»

እንደ ማፈር ብለው ጠየቁኝ። «ለኔስ ያለው ነገር ይኖር ይሆን?»

ፈለግሁ። የከፈትኳቸው ሁሉ ለልጅህ ነበሩ። የለም ልላቸው አፌን ስከፍት፣ እርሳቸው ቤት ሆነህ በቀዳኸው አንዱ ተረት መሃል የርሳቸው ድምፅ ከሩቅ ተጣራ። «ና እንጂ፣ ምሳው ቀዘቀዘ!» አንተም ተረቱን አቋርጠህ፣ «መጣሁ አባባ፣ መጣሁ!» አልክ።

አሰማኋቸው።

«ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ፤ ደግሜ አሰማኋቸው። በቀብርህ ቀን ሰው ሲያጽናኑ የዋሉት ሰው፣ ስልኩን ሳይዘጉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ልጅህ፣ «አይዞህ አባባ፣ ነገ ደግሞ እከፍትልሃለሁ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እደውልላቸውና አያትና የልጅ ልጅ አብረው ያዳምጡሃል። እኔም ቧንቧውን ዘግቼ በሩ ላይ እቆማለሁ። አባትህን ብቻቸውን አልተዋቸውም፤ በዚህ አታስብ።

ያልከፈትኳቸው ጥቂት ቅጂዎች ቀርተዋል። አልከፍታቸውም። ሳልከፍታቸው እስከቆየሁ ድረስ፣ ባንዱ ውስጥ ስሜን ጠርተኸኝ ይሆናል።

ደህና ሁንልኝ።

ሚስትህ