ነጃት ሰባተኛ ክፍል ገባች

ጉለሌ፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ፈድሉ፣

የአሰብ ሙቀት አቅልጦ ካልጨረሰህ እንደምን አለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከስኳር በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ልጅህ ነጃት ሰባተኛ ክፍል ገባች። ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኗልና ክፍሉ በሙሉ አፉን ከፍቶ ይውላል። እሷ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከሁሉ ቀድማ ትሠራለች፤ መምህሩ በቃል ሲጠይቋት ግን ዝም ትላለች። በቀበሌ ስብሰባም ጎረቤቶቿን አይታ ታጨበጭባለች። ይህንስ እኛም እናደርገዋለን፤ ካድሬው በአማርኛ ሲናገር ማን ገብቶት ያውቃል?

መምህር ቶሎሳ ትናንት ሱቄ መጥተው፣ "አይስጉ፣ እንግሊዝኛው ነው፤ ሲቆይ ትለምደዋለች" አሉኝ። ነጃት ጀርባዋን ሰጥታን ሳሙና ትደረድር ነበር። እኔም ለቀልድ ያህል፣ "ነጃት፣ ከረሜላ እንኪ!" ብዬ በጠራ አማርኛ ጮህኩ። መምህሩ ብርግግ አሉ። ከመንገድ ማዶ የወይዘሮ ገበያነሽ ልጅ እየሮጠች መጥታ ከረሜላውን ወሰደች፤ በሕብረተሰባዊነት ዘመን ከልክዬ የት ልገባ? ነጃት ሳሙናዋን መደርደሯን ቀጠለች።

መምህሩ የገዙትን ሲጋራ ረስተው ሄዱ። ዛሬ ከፊት ወንበር አስቀምጠዋት፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ሲያስተምሩ ዋሉ። ስትመለስ እየዘለለች ነበር።

ለመውሊድ ስትመጣ እንደ ልማድህ ከበር ላይ "ነጃት!" እያልክ ሰፈሩን አትረብሽ። ዝም ብለህ ግባና ፊት ለፊቷ ቁም። ደስታዋን ያኔ ታያለህ።

ሰላምታችን ከጉለሌ እስከ አሰብ ካለው መንገድ ይረዝማል።

ወንድምህ ሬድዋን