ከተማው የተሳለመው ጆሮዬ

ሰኔ 8፣ ከሰዓት
አንተ ደብተር፣ ዛሬም ለጀልባዎቹ መንገደኛ ስጠራ ዋልሁ። «ወደ ገዳማቱ! ወደ ገዳማቱ!» ድምፄ የዳክዬ ሆኗል። ደግነቱ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር ያቆሙት ፒያኖ አለ። ሰዓሊዋ ሰላም ናት ያስጌጠችው። ጎኑ ላይ ክንፍ ያለው ልጅ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ጆሮው ሰፋፊ። ከላዩ «ማንም ይጫወት» ይላል። ጓደኛዬ ሰይድ፣ የታንኳ ሠሪው ልጅ፣ በየቀኑ ይለማመዳል። ጣቱ ለታንኳ ደንገል ሲያስር ሻክሯል፤ ዜማው ግን ማር።
ዛሬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጫማዬን አውልቄ ክንፋሙን ተሳለምሁ። እንዲያው ለቀልድ። ዞር ስል እናቶች ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ተሰልፈዋል። በሳቅ ሞትሁ።

ሰኔ 10፣ ማታ
አያስቅም። ሰይድ ሊጫወት ቁጭ ሲል አንዲት እናት «ተው ልጄ፣ በመልአኩ ፊት!» አሉት። ተነሣ። ሌላ ፒያኖ የት ያገኛል? ዞሮ ሳያየኝ ወደ አባቱ ደንገል ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሰኔ 11
ጥበቃው ጋሽ አስማረ ጠሩኝ። እናቶቹ ፒያኖው ክዳን ላይ ጧፍ አብርተው ሰሙ ጥርሶቹ መሃል ፈሷል። ነገ ሚካኤል ነው፣ ሰው ጎርፍ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ ፒያኖው መጋዘን ይገባል አሉኝ። ከዚያ ሥዕሉን አዩ። እኔን አዩ።
— አንተ! ይህ ጆሮ ያንተ አይደለም?
ነው። ሰላም ስትሥል ፊቷ የተገተርሁት እኔ ነኝ። እሷ ጎርጎራ ሄዳለች፣ ስልኳ አይነሣም። መልአኩ እኔ ነኝ ብል እደበደባለሁ። ዝም ብል ሰይድ ያለ ፒያኖ ቀረ።

ሰኔ 12፣ ረፋድ
ሰዉ ከንግሡ እየተመለሰ ነው። እልልታው ቀረበ። ሰይድን ጎትቼ አምጥቻለሁ።
— ካስደበደብኸኝ ሐይቅ ነው የምከትህ፣ አለኝ።
— መጀመሪያ ከእናቶቹ ከተረፍሁ አይደል?
አልሳቀም። ጋሽ አስማረ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ለማን እንደሆነ አልነገሩኝም።
ቆርጫለሁ። ጫማዬን አላወልቅም። ከሥዕሉ ጎን ቁጭ ብዬ፣ ጆሮ ለጆሮ፣ መልአክ አይደለም፣ እኔ ነኝ እላለሁ። ሰይድ ይጫወታል። ከፊት የሚመጡት ሰይድን ያስነሡት እኚያው እናት ናቸው፣ ጧፍ ይዘዋል። ሥዕሉን አዩ። እኔን —
ሰይድ፣ ጀምር! ደብተር፣ ኪሴ ግባ።