ነገ ከማን ጋር ልከራከር?

ግንቦት ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.
ከቡሬ ገጠር

ለውድ አበልጄ፤
ፍኖተ ሰላም፣ ካለህበት

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህ ብርድ ሲነካው ይቆረጥምህ ነበር፤ እዚያ በምን ላይ ያስተኙህ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሚስትህ ንግሥቴ ደኅና ናት። የላከችልህ በሶ ደርሶህ እንደሆነ በሚመጣ ሰው ንገረን። የእኔዋ ዙፋንም ደኅና ናት፤ ወገቧ እንኳ ተሽሏታል፤ ምክንያቱን ኋላ ትሰማለህ።

ይህን የምትጽፈው ልጅህ ያይኔአበባ ናት። ሳትቀንስ ሳትጨምር እንድትጽፍ በክርስትና እናቷ በዙፋን አስምያታለሁ። ካንተ በፊት ወረቀቱን ከፍቶ የሚያነበው ሰው እንዳለም አውቃለሁ። ለእሱም ጤና ይስጥልኝ፤ የምደብቀው ነገር የለኝምና ተደላድሎ ያንብበው።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልንገርህ። በእኔ ሰበብ አንተ ታስረህ እኔ በደጃፌ መቀመጤ አናዶኛል። ማን ለመነህ? ያይኔአበባ “አያ ገደፋው፣ ለታሰረ ሰው እንዲህ ይባላል?” ትለኛለች። ጻፊው ብያታለሁ።

የገበሬ ማኅበሩ የውይይት ክበብ ከቆመ ጀምሮ እኔና አንተ በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ አንተ በዚህ ሽበትህ ፊደል ቆጠርህ፤ እኔ እንቢ አልሁ። መንደር ምሥረታ ሲመጣማ ባሰብን። አንተ ከወንዙ ዳር ሜዳው ላይ እንስፈር፣ እኔ ከጋራዬ አልወርድም፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ክበቡ የሁለታችን ሆኖ ቀረ።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ “ዙፋን ያን ዳገት እንስራ ይዛ ስትወጣ ወገቧ ተቆረጠ፤ ውሃው ከደጃፍዋ ቢሆን ምንህን ይነካሃል?” ብለህ ተነሣህ። እኔም “የሚስቴን ወገብ ለስብሰባ አታቅርብ!” ብዬ ጮህሁ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አንተ “ቤትህ እኮ ጭቃና ጭድ ነው፣ ሌላ ይሠራል” አልህ። እኔ “ያንተም አካል ጭቃ ነው፣ አፍርሰን ሌላ እንሥራልህ?” አልሁ። ስብሰባው ሲያበቃ ዙፋን በመንገድ ሁሉ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። ካንተ ወገን ነበረች።

በማግሥቱ ግን ቀንበር አለ። ያንተ በሬ ቦራና የእኔው ዳልች ካልተቀናጁ የማናችንም መሬት አይታረስ። አንድ ቀን ያንተ ማሳ፣ አንድ ቀን የእኔ። የክበቡ ነገር ከማሳው ድንበር እንዳያልፍም ደንብ አበጅተን ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ደንቡን አፈረስህ፤ “ሰፈራችን ወንዝ ዳር ቢሆን ይህን ጊዜ በሬዎቹ ጠጥተው ተመልሰው ነበር” አልህ። እኔም ዕርፉን ለቅቄ ከትልሙ መካከል ተቀመጥሁ። ይቅርታ እስክትል አልተነሣሁም። ቦራና ዳልች ቆመው ያዩን ነበር።

ሊቀ መንበሩ ቸኮለ ያልገባው ይህ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ስንጯጯህ ስላየን ደመኞች መስለነዋል። እኔ በክበቡ ፊት “ከዚህ ጋራ የሚያወርደኝ ቃሬዛ ብቻ ነው” አልሁ፤ ከእኔ ወዲያ ሌሎችም እንደዚያው አሉ። ይህን ጊዜ ሕዝብ አሳደመ ብሎ ክስ ጻፈብኝ። ምስክር ሲፈልግ፣ ገደፋውን የሚጠላ ሰው ብሎ አንተን ጠራ። አየህ የፊደልህን ነገር? ባትማር ኖሮ ፈርም የሚልህ አልነበረም!

ያልኸውን እዚያ የነበሩት ሰዎች ቃል በቃል ነግረውኛል። “የገደፋው ነገር ሁሉ ስህተት ነው። ስህተቱን ሐሙስ አሳየዋለሁ። ተናገሩ ተብሎ የተናገረውን ወንጀል ነው ብዬ ከፈረምሁበት ግን ነገ ከማን ጋር ልከራከር?” ብለሃል። ቸኮለም “እንግዲያው ወንጀለኛ ሸሽገሃል” ብሎ በሚሊሻ አስነዳህ። ተሰድቤ እንደሆነ ወይ ተመስግኜ እስካሁን አለየልኝም።

ካንተ ወዲህ ክበቡ ክበብ አይደለም። ሰው ይነሣና “ከእኔ በፊት የተናገሩት ያሉትን እደግፋለሁ” ብሎ ይቀመጣል። ቀጣዩም ያንኑ ይላል። እኔም ዝም ብያለሁ። ባንተ ላይ ካልሆነ መጮህ አይጥመኝም።

ንግሥቴ ስላንተ ልትለምን ቸኮለ ዘንድ ሄዳ ነበር። “ገደፋው ቢወርድ እኮ ክሱም ይቀራል፣ ምስክርም አያስፈልግ፣ ባልሽም የሚያዝበት የለም” ብሏት ተመለሰች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለዙፋን ነው የነገረቻት። እኔ ከጓሮ አጥር ስጠግን ሰማሁ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ማሳህ ታርሷል፣ በቆሎው ተዘርቶ በቅሏል። ከእኔ ያስቀደምሁት ተራው ያንተ ስለነበረ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ። ቦራ በእኔ እጅ ለማረስ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። አንተ ታባብለዋለህ፣ እኔ እሰድበዋለሁ፤ ኋላ ለመደኝ። ንግሥቴና ዙፋን የበርበሬ መደቡን ማለዳና ማታ አብረው ውሃ ያጠጣሉ። ውሃ እንደ ልብ ሆኖላቸዋል። ዙፋንም ወገቧን መያዝ ትታለች።

እኔን የሚነዘንዘኝ ወፍጮው ነው። ከማለዳ ጀምሮ ቱክ ቱክ ይላል። ጎረቤት ሲያስነጥስ ደግሞ ከእኔ ቤት ይማርህ ይባላል። ይህን ሁሉ በክበቡ ተናግሬ ነበር፤ አንተ አልሰማህም።

ዳልች አስቸግሮኛል። ከቀንበር ሲፈታ ቀጥ ብሎ ወደ ጋራው ይወጣል። ልመልሰው ተከትዬው እሄዳለሁ። ከባሕር ዛፎቼ መካከል፣ ምሰሶዎቹ ከተነቀሉበት ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ አገኘዋለሁ። እሱ ስብሰባ አልተቀመጠ፣ ማን ያስረዳው? ትንሽ አብሬው እቆምና ይዤው እወርዳለሁ።

ቸኮለ እንዲፈቱህ ለአውራጃው ጽፌያለሁ ብሏል። እንግዲህ ቃሉን ያጽናው። እግዚአብሔር ብሎ ስትመጣ፣ እንደ ልማድህ ከጋራው ሥር ቆመህ ስሜን እንዳትጣራ፤ የሚሰማህ የለም። ወንዙን ተሻገርና ወደ ቤትህ ሂድ። ከደጃፍህ ፊት ለፊት አንድ በር አለ፤ መዝጊያውን ታውቀዋለህ፣ አብረን የጠረብነው ነው። እሱን አንኳኳ። ቃሬዛ አላስፈለገም፤ በእግሬ ነው የመጣሁት።

ረታሁት ብለህ ግን እንዳትስቅ። ሐሳቤ ያው ነው፤ ሐሙስ ትሰማዋለህ። እስከዚያ ዝም ብዬ እቆይሃለሁ።

የአጥቢያችን ታቦት ከደጅህ ያግባህ። ጉልበትህን ያጽናልህ፣ የያዙህንም ልብ ያራራልህ። ያይኔአበባ አንብባልኛለች፤ ያልሁት ሁሉ አለ። ፊደል አሁንም አልቈጠርሁምና ከታች ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው።

የማይስማማህ አበልጅህ