ወንበር ላይ ለሚውለው ኮት ጌታ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

እንደምን ሰነበቱልን? ለእርስዎ ጤናውን ያብዛልዎ። የኮትዎን ደኅንነት እንኳ አልጠይቅም፤ ከወንበርዎ ላይ ተሰቅሎ ቢሮ ሲጠብቅ እንደሚውል አገር ያውቀዋል።

እኔ ያንን ቢሮ ስታጸዳ የኖረችው፣ ባለፈው ሳምንት ያባረሯት ሴት ባል ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ልጃችን ትምህርት ቤት ትኩሳት ጥሏት «መጥታችሁ ውሰዷት» ተብሎ በተደወለ ጊዜ፣ ሚስቴ እንደ ደንቡ ፈቃድ ልትጠይቅ ስትገባ ኮትዎ ስለተቀበላት አመሰግናለሁ። ጸሐፊዎም እንደ ዘወትሯ፣ ኮታቸው አለ፣ አሁን ወጣ ብለው ነው ብላ አጽናንታታለች። ምስኪን፣ ልጇ እየነደደችባት ኮት ፊት ቆማ ጠበቀች፤ ኮቱ እሺም እምቢም ሳይላት ሲቀር ወደ ልጇ ሮጠች።

2. የስንብት ደብዳቤው «ኃላፊዋ ቢሮ ውስጥ እያሉ ሳታስፈቅድ ከሥራ ጠፋች» ይላል። ጉድ እኮ ነው! የሰዓት ፊርማዎን ጠዋትና ማታ የሚፈርምልዎ ሹፌርዎ ነው። እሱም አንድ ቀን የእርስዎን ፈርሞ የራሱን ቢረሳ፣ ከሥራ ቀርተሃል ተብሎ በእርስዎው ትእዛዝ ተቀጣ። ለውለታ አከፋፈልዎ እግዜር ይስጥልን።

3. ያን ቀን የት ነበሩ ብዬ አልደፍርዎትም፤ አውቀዋለሁና። በሸሚዝ ብቻ ሆነው፣ በሚያሠሩት ቪላ ግቢ ውስጥ፣ ውሃ ሊጠጣ ጎንበስ ባለ አንድ ግንበኛ ላይ ይጮኹ ነበር፤ የሰው ሰዓት የሚሰርቅ ሌባ ነው እያሉ። ያ ግንበኛ እኔ ነኝ። ሚስቴ ኮትዎን ፈቃድ ስትለምን፣ እኔ እርስዎን ይቅርታ እለምን ነበር።

ጌታዬ፣ ልጇ ታማባት ከመሮጥ በቀር ጥፋት የለባትም። ወደ ሥራዋ ይመልሱልኝ፤ ሌላ አልጠይቅም።

ባዶ ወንበርዎን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
የቪላዎ ግንበኛ

የረሳሁት፦ ዛሬ ግንባታው ጋ ሲደርሱ እንዳይደነግጡ፤ ጃኬቴ መወጣጫው እንጨት ላይ ተሰቅሏል። የት ሄደ ብለው ቢጠይቁም ጓደኞቼ ይነግሩዎታል፦ ጃኬቱ አለ፣ አሁን ወጣ ብሎ ነው። ሚስቴ ሥራዋ ላይ እስክትመለስ ድረስ ግድግዳውን እሱ ያቁምልዎ።