የሚጮኽበት ያጣው ክፉ

ለምወድሽ እህቴ ለሎሬን፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? ያ የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ የእዚያ አገር ሙቀት አባሰብሽ? ብሩስስ ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጆቹስ ምን ያህል አደጉ? እኛ ደህና ነን። እማን ሳሉ ለቋታል፤ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው። ዝናቡም እንደ ድሮው ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ወንድማችን ስለ ኪት ነው። ስሙን ስታነቢ ፊትሽ እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ይኸውልሽ፣ ይህ ሰው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ወጥቶ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ትወና ጀምሮ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቪንስ የሚባለውን ክፉ ሥጋ ሻጭ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጫወቱ እንዴት ያለ ነገር ነው? ቪንስ ሚስቱን ከደረጃ የገፈተረ ሰሞን አንዲት ሴትዮ ኪትን ገበያ መካከል በባሮ ሽንኩርት መታችው፤ ትዝ ይልሻል? እማ እንኳ ሻዩዋን ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጥና "ይኼ ባለጌ!" እያለች ትሰድበው ነበር። ድራማው ሲያልቅ ደግሞ ትደውልለትና "በልተሃል ወይ?" ትለዋለች። የትኛውን ሰድባ የትኛውን እንደምትጠይቅ ግራ ይገባኝ ነበር።

ከዚያ እውነተኛው ጣጣ መጣ። በሽልማት ግብዣ ላይ ሰክሮ አብራው የምትሠራውን ተዋናይ መሳደቡን ሰው ይቅር ብሎት ነበር። አምና ግን ለጋዜጣ "ያደግሁት ፍቅር በሌለበት ቤት ነው፤ እናቴ አንድ ቀን እንኳ አቅፋኝ አታውቅም" አለ። የተናገረው እሱ ነው ወይስ ቪንስ? እስካሁን አልገባኝም። እማ ከዚያ ወዲህ ድራማውን ማየት ተወች፤ ስሙንም አልጠራችም። ሌላ ስካር ሲጨመርበት ከሥራውም አሰናበቱት።

ዘንድሮ ያለ ሥራ ሲንከራተት የከተማችን ቲያትር ቤት ለገና ተውኔቱ ክፉውን ንጉሥ እንዲሆን ቀጠረው። ጎረቤታችን ዶሪን ለሦስታችንም ትኬት ገዝታ መጣች። እማ "የት አባቱ! አልሄድም" አለች።

ዶሪን ግን ማን እንደሆነች ታውቂያት የለ፣ "ትኬቱ አይመለስም፣ ኢዲዝ። ደግሞ መቀመጫችን ማሞቂያው አጠገብ ነው" አለቻት።

"እንግዲያው ለማሞቂያው ስል ነው" ብላ ኮቷን አነሳች።

ልጆችሽ አያውቁት ይሆናልና ይህን አንብቢላቸው። በገና ተውኔት ክፉው ብቅ ሲል አዳራሹ በሙሉ "ቡ!" ብሎ ይጮኽበታል፤ ጩኸቱ በበረታ ቁጥር ተወደደ ማለት ነው። ኪት በአረንጓዴ ጭስ መካከል እየሳቀ ወጣ። ማንም አልጮኸም። ሎሬን፣ ማንም! ሕፃናቱ እንኳ የወላጆቻቸውን ፊት አይተው ዝም አሉ። የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማ ነበር። "ከእኔ የሚበረታ ማን አለ?" አለ። ዝም። ደገመው፤ ድምፁ ተሰበረ። ከኋላችን አንዱ "የእናቱን ስም በጋዜጣ አጥፍቶ ደግሞ ጩኹልኝ ይላል እንዴ!" ሲል ሰማሁት። እማም ሰማች። በገዛ ከተማው እንዲህ ከሆነ ሌላ ማንም እንደማይቀጥረው ለእኔም ገባኝ።

ይኼኔ እማ የፊቷን ወንበር ተደግፋ ተነሳች። "ቡ! ውጣ ከዚህ፣ አንተ ዱርዬ!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ኪት ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ። ከዚያ በንጉሡ ድምፅ "ዝም በይ፣ አንቺ አሮጊት!" አላት።

"አንተ ዝም በል! ካልሲህ ወርዷል!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ወዲያው "ቡ!" የሚለው ጩኸት ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔ እንኳ ጮኽኩ። እኔ!

ሲያልቅ በጓሮው በር ጠበቅነው። የፊቱን ቀለም በቅጡ ሳይታጠብ ወጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እማ ቀደመችው፤ "ማቀፍ እንደሆነ አላውቅበትም። እሑድ ምሳ አለ። ድንቹን የምትልጠው አንተ ነህ" አለችው። መጣ፤ ላጠ፤ ልጣጩን አወፈርከው ተብሎም ተሰደበ። ደስ ሲለው ብታዪው!

ዕቃ ስናጥብ ግን ቀስ ብሎ "ሎሬን እዚያ ብትኖር ትጮኽብኝ ነበር ወይስ ዝም ትለኝ?" ብሎ ጠየቀኝ። ባንቺ አፍ መመለስ አልወደድኩም። ተውኔቱ እስከ ወሩ አጋማሽ ይታያል፤ ስልኩም አልተቀየረም።

ብሩስን ሰላም በይልኝ፤ እማ "ሹራቡን የማይለብሰው ከሆነ ይመልስልኝ" ትለዋለች። ኪርስተንን በሁለቱም ጉንጯ፣ ትንሹን ዳረንን ግንባሩን ሳሚልኝ። ዶሪንም እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች።

እህትሽ ጃኔት
በርንሊ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2012