ለሜዳ የተቀየረ ጥርስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21
ሱቁን ዘግቼ ሚስቴን ራያን ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩ። ማክሰኞና ቅዳሜ ኩላሊቷን የሚያጥብላት ማሽን ላይ ትተኛለች፣ እኔ ኮሪደር ላይ አዛጋለሁ። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ግን ትስቃለች። «ና በል ባሌ፣ እንደ ንግሥት አስቀምጠኝ።» ክሩዘር ሞተሬን የምወዳት ለዚህ ነው... የኋላ ወንበሯ ሰፊ፣ መደገፊያ ያላት። ታክሲ ውስጥ ተጨፍልቃ ከምትመጣ። ሱሉልታ ላይ እንዲህ ያለ ሞተር ያለኝ እኔ አክመል ብቻ ነኝ። መለዋወጫ ሻጭ ሆኜ ኮሳሳ ሞተር ብነዳ ማን ይገዛኛል?
ሰው ስለ አዲስ አበባው ማስተር ፕላን ያወራል። ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ፣ ገበሬው ወጣ ይላሉ። ያልፋል መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 25
ከመንገድ ተመለስን። ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው ዳገት ሥር ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይነድዳል። ዱላ የያዙ ልጆች ከሩቅ አየሁና ዞርኩ። አንዱ የወረወረው ድንጋይ የኋላ መብራቴን ሰበረው።
«ብታናግራቸውስ?» አለች ራያ።
«ማንን? ድንጋዩን?» ጮህኩባት። ምን አድርጋኝ? ፈርቼ ነው እንጂ።
ማሽኑ አመለጣት። ማታ እግሯን ስትጫነው ጣቷ የተወው ጉድጓድ አልሞላ አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 26
ቡራዩም ተዘግቷል፣ ሰበታም። ለሆስፒታሉ ሲስተር ደወልኩ። «ማክሰኞ ከቀረች ውሃው ሳንባዋ ይገባል። እንደምንም አምጣት» አለችኝ። እንደምንም! አምቡላንስ ስጠይቅ «መንገዱ ሲከፈት» አሉ። አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ትደር ይሉኛል... የኔ ዘመዶች ራሳቸው አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ነው የሚያድሩት።
ትናንት ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ከድንጋዩ ዳር ለሞተር የሚበቃ ክፍተት አለ። በፍጥነት ከመጣሁ ማን ይይዘኛል? ችግሩ ይቺ ሞተር መቶ ላይ ትጮሃለች እንጂ ከዚያ አታልፍም። መፍትሔው ደግሞ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል።

ሰኞ፣ ኅዳር 27
ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። ካቴናው የሚዞርበትን የፊቱን ባለ 15 ጥርስ አውጥቼ ባለ 17 አስገባሁ። የኋላውን ባለ 41 ፈትቼ ባለ 36። ካቴናው ረዘመ፣ ቆረጥኩት። የፊቱ ሲያድግ የኋላው ሲያንስ ጎማው በአንድ የሞተር ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ በቃ ፍጥነት ማለት እሱ ነው።
ራያ በር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ትንፋሿ አጥሯል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች።
«ዝም በይ እስቲ፣ ላንቺ ብዬ ነው!»
ለብቻዬ ወደ ጫንጮ በኩል ሜዳው ላይ ለቀቅኳት። ወላሂ በረረች! መቶ ሠላሳን አለፈች፣ ሞተሩ ድምፁ እንኳ አልበዛም። ብቻዬን ጮህኩ፣ እንደ ልጅ። ነገ ማንም አያቆመኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 28
ምን ዓይነት ደደብ ነኝ?
ሜዳውን በረርን። ራያ ወገቤን ይዛለች፣ ዱዓ ታደርጋለች። ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ሦስተኛ አወረድኩ። ሁለተኛ። አንደኛ። ፍሪሲዮኑን ይዤ እየለቀቅሁ ታገልኩ... ሸተተ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ከድንጋዩ ፊት ለፊት። ለፍጥነት የተቀየረ ጥርስ ሰው ጭኖ ዳገት አይወጣም! ይህን እኮ ለስንት ደንበኛ ተናግሬአለሁ። እኔ ግን ብቻዬን፣ ሜዳ ላይ፣ ነፋሱ ከኋላዬ ሆኖ ሞክሬ አበቃሁ።
ልጆቹ ወደኛ መጡ። መፍቻዬን ጨበጥኩ። በመፍቻ ምን ላደርግ እንደነበር አላህ ይወቅ።
ራያ ወረደች። እየተንገዳገደች ቦዩ ዳር ሄዳ እርጥብ ሳር ነጨች፣ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘችው። እኔ ከስልጤ የመጣሁ ነጋዴ ነኝ፣ ኦሮምኛዬ ዋጋ ከመጥራት አያልፍም። እሷ ግን እዚሁ ናት ያደገችው። እዚህ አገር ሳር ይዞ የለመነ አይነካም።
ቆሙ። ከመሃላቸው የወተት ጀሪካን ያዘለች ሴት ወጣች። ያበጠውን እግር አየች። «ዱኩብሰቱዳ!» ብላ ጮኸችባቸው... በሽተኛ ናት! ዱላው ሁሉ ወደቀ። ራያን መልሰው አስቀመጧት፣ እኔ መሪውን ያዝኩ፣ እነሱ ከኋላ ገፉ። ሴትዮዋም ጀሪካኗን ጥላ ገፋች። መብራቴን የሰበረው ከመሃላቸው ይኖራል። ላቡ ጠብ እያለ ገፋኝ።
ጫፉ ላይ ሴትዮዋን ስሟን ጠየቅኳት። ጠጅቱ። «ቀስ ብለህ ውረድ አንተ፣ ሰው ነው የጫንከው!» አለችኝ።
ቁልቁለቱን ሞተር ሳልነካ ተንደረደርን። ደረስን። አልሃምዱሊላህ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 29
የድሮዎቹን ጥርሶች መለስኩ። ፍሪሲዮኑንም ቀየርኩ። አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 2
ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ወርጄ ሞተሯን እየገፋሁ አለፍኩ። ልጆቹ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም አሉንና ድንጋይ አነሱልን። ጠጅቱ ካልጠጣሽ ብላ ወተት ይዛ ድርቅ! ለራያ ወተት ክልክል ነው ብላት ሳቀችብኝ። «ወተት የሚከለክል ሐኪም ላም አይቶ አያውቅም።» ራያ እስኪያስላት ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ከሳቀች?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5
ከጠዋት ጀምሮ ተኩስ። ወታደር መንገዱን ዘጋ። ለመንኩ፣ የሐኪም ወረቀቷን አሳየሁ፣ «ተመለስ!» ነው መልሱ። ማሽኑ አመለጣት። ያ አላህ፣ ምን ላድርግ?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6
ጠጅቱን በጥይት መትተው ገደሏት። ትናንት፣ ወተቷን ይዛ ወደ ቤቷ ስትገባ። ማን እንደተኮሰ ሁሉም የየራሱን ይላል። ለራያ እንዳልነግራት አሰብኩ፣ ፊቴ ነገራት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9
እዚህ ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።
ራያ ሁለት ሌሊት ተቀምጣ ነው ያደረችው፣ ስትተኛ ትታፈናለች። ሲነጋ ወታደሩ ተነስቷል አሉ፣ ወጣን። ዳገቱ ሥር ድንኳን ተተክሏል። የጠጅቱ ለቅሶ። መንገዱ በሰው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ድንጋዩም ከበፊቱ በዝቷል።
«አቁም፣ ልድረስ» አለች ራያ።
«ራያ፣ እየታፈንሽ እኮ ነው!»
«ሳላለቅስላት አላልፍም።»
ደግፌ አስገባኋት። ባሏ ኦቦ ኢቲቻ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደርቋል። ራያ ማልቀስ እንኳ አቃታት፣ ትንፋሽ የለማ። ደረቷ ፉጨት ያሰማል።
«ከየት አወቃችኋት?» አሉ።
«ዳገቱን ገፍታኝ ነበር» አለች ራያ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም።
አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ተነሱ። የቤቱ ባለሐዘን፣ ሚስቱን በዚሁ ሳምንት የቀበረ ሰው፣ እንግዳው ሁሉ እያየ ከምንጣፉ ተነሳ። ለቀስተኛው «ኧረ ይቀመጡ» ቢላቸው አልሰሙም። ከሞተሬ ፊት ገቡና በጋቢያቸው ሰዉን ወደ ዳር እየጠረጉ «ከራ» ማለት ጀመሩ፣ መንገድ ልቀቁ። ሰው ለሁለት ተከፈለ። ድንጋይ ተነሳ። እኔ ራያን ከኋላዬ አስቀምጬ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ፣ በእርምጃቸው ልክ፣ ከኋላቸው። ጫፉ ድረስ በእግራቸው ወጡ። ራያ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ ጣለችው፣ አሁንም አሁንም «አለሽ?» እላታለሁ፣ ጨመቅ ታደርገኛለች።
ላይ ስንደርስ ቆሙ። መሄድ አልቻልኩም፣ እንባዬ ያዘኝ።
«ልመልስዎት ኦቦ? በእግርዎ እንዴት...»
ትከሻዬን መቱኝ። «ዴሚ፣ ኢልመ ኮ። ሂድ ልጄ። እኔ አልደረስኩላትም፣ አንተ ድረስላት።»
ሄድኩ። አሁን ማሽኑ ላይ ናት። እስካሁን ማንም ወጥቶ ምንም አላለኝም።