ስለ እህቴ ቀኝ እጅ፣ ከፀጉር አስተካካይዎ

ለተከበሩ የመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት፣ ማለትም በመኖሪያ ቤትዎ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ሁለቱ እጆችዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ማዶ ባለችው ፀጉር ቤት ጢምዎን ስላጭ የኖርኩ ሰው ነኝ። በአደባባይ የጻፍኩልዎ ላዋርድዎ ፈልጌ ነው ብለው እንዳያስቡ እለምንዎታለሁ፤ ቢያስቡም ግን አልተሳሳቱም።

ታናሽ እህቴ የአንድ ንግድ ድርጅት ሠራተኛ ስትሆን፣ ሥራዋ የተቆጡ ደንበኞችን በስልክ ማብረድ ነው። ድርጅቱ ሠራተኞቹን ከቤታችሁ ሥሩ ብሎ ሲያሰናብት ለእሷም ኮምፒውተር ሰጥቷት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ እያባበለች ሳለ የኮምፒውተሩ ባትሪ ፈንድቶ ተቀጣጠለ፤ መጋረጃው ሳይያዝ ወደ ደጅ እወረውረዋለሁ ስትል ቀኝ እጇ ተቃጠለ። ሐኪሙ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ጣቶቿ እንደታጠፉ ይቀራሉ ብሏል። ድርጅቷ የሕክምናውን ካሳ ሲጠይቅዎ ግን፣ የሥራ ቦታ ማለት በውሉ የተጠቀሰው ሕንፃ ብቻ ነው ብለው ፈረሙ። እነሆ ጣቶቿ በየቀኑ እየታጠፉ ነው። ስለዚህ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. የሥራ ቦታ ምን እንደሆነ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እኛ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ይመስለን ነበር። ያ ሕንፃ ዛሬ ወንበሮቹ በየጠረጴዛው ላይ ተገልብጠው ከአንድ ጥበቃ በቀር ሰው አይገባበትም። ጣሪያው አፍስሶ ወንበሮቹ ቢበሰብሱ እርስዎ ይከፍላሉ፤ ወንበሮቹ ላይ ትቀመጥ የነበረችው ግን እጇን ይዛ ትቀመጥ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለካ የመድን ውል ኖሯል።

፪. መርማሪ ስለላኩልን ውለታዎ አለብን። ትሁት ሰው ነበር፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ፎቶ አነሳና ቦታው ማድ ቤት ነው ብሎ ጻፈ። ከእህቴ ወንበር ጀርባ የተሰቀለውን፣ ደንበኞች ቢሮ ያለች እንዲመስላቸው አለቃዋ አስገድዶ ያሰቀላትን የድርጅቱን ዓርማ ግን ፎቶ አላነሳውም። ያ አለቃ አንድ ቀን የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ በስልክ ሰምቶ፣ በቢሮ ውስጥ ልጅ አይፈቀድም ብሎ ተቆጥቷት ነበር። ለአለቃዋ ቢሮ፣ ለደንበኛው ቢሮ የሆነ ክፍል ለእርስዎ ብቻ ማድ ቤት ሆነ። ድስቱን ቀድመን አለማውረዳችን የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

፫. ይኸው አለቃ ሠራተኞቹን ወደየቤታቸው ከማሰናበቱ በፊት፣ ውሉ ከቤት ለሚሠሩትም እንዲሆን ይሻሻል ወይ ብሎ የሽያጭ ወኪልዎን ጠይቆ ነበር። ወኪሉም ግድ የለም፣ ያው ነው ብሎ አረቦኑን ተቀበለ። ይህን ያወቅሁት ራሱ ወኪሉ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን አቅንቶ ሲያወራ ነው፤ ምላጭ ሥር ሰው ብዙም አይዋሽም። አሁን ሲጠየቅ ጥፋቱ የባትሪ ሠሪው ነው ይላል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። አረቦኑ የእናንተን በር አልሳተም፤ ካሳው ግን የእኛን በር አጥቶት መንገድ ቀረ።

፬. ሽማግሌዎች ሆድ ይፍጀው በል፣ ይቅር በል ይሉኛል። አልልም።

ይልቁንስ ወንበሬ ላይ ለሚቀመጥ ሁሉ ታሪኩን እነግራለሁ። አንገቱ ላይ ፎጣ የታሰረ፣ ጉንጩ አረፋ የሆነ ሰው ተነስቶ መሄድ ስለማይችል እስከ መጨረሻው ይሰማል። ባለ ማተሚያ ቤቱ ግማሽ ጢሙ ሳይላጭ ስልኩን አውጥቶ ከእናንተ ጋር ያለውን ውል አቋረጠ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ልጇን ልታስተካክል መጥታ ሰምታ ሄደች፤ እሷም አቋረጠች። የእርስዎ ሠራተኞችም ደንበኞቼ መሆናቸውን አይዘነጉትም፤ እነሱም እንደ እርስዎ ከቤት ይሠራሉና ነግ በኔ ብለው አንድ ላይ ሊጠይቁዎ ተማክረዋል። እህቴ ቀዶ ሕክምናዋን እስክታገኝ ድረስ የዚህ ከተማ ጢም ማደጉን አያቆምም፤ እኔም አላቆምም።

ለትዕግስትዎ፣ ለአጭር መልስዎ፣ ለቆንጆ ፊርማዎም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ እስከ ዛሬ ፊትዎን አንድም ጊዜ ያልቆረጥኩ ታማኝ አገልጋይዎ፣

ፀጉር አስተካካይዎ

ማስታወሻ፦ አሁን ከቤት ስለምሠራ መውጣት አልተመቸኝም፣ ቅዳሜ ቤቴ መጥተህ ላጨኝ ብለው የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል፤ በደስታ እመጣለሁ። የፀጉር ቤቴ መድን እናንተው ዘንድ ስለሆነ፣ በደንበኛ ፊትና አንገት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የገባችሁልኝ ዋስትና እርስዎ ቤትም ይሠራ እንደሆነ የራስዎን ክፍል ጠይቄ ነበር። የሥራ ቦታ ማለት በውሉ የተጠቀሰው ፀጉር ቤት ብቻ ነው የሚል መልስ በእርስዎ ፊርማ ደረሰኝ። ምላጩን አዲስ ገዝቻለሁ። እህቴ ፀጉሯን ማሰር ስላቃታት ጠዋት ጠዋት የማስርላት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።